ከመጠን በላይ የሚመገቡ ውሾች፦ የቤት ውሻ ጤናና የባለቤቱ ድርሻ

ውሻን እንደ ቤተሰብ አባል አድርጎ ማኖር በተለመደባቸው አገሮች የእንስሳት ሐኪሞች በየዕለቱ ደጋግመው የሚያዩት ችግር ከመጠን ያለፈ ውፍረት ሆኗል። የቤት እንስሳትን ውፍረት ለመከላከል በአሜሪካ የተቋቋመ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባካሄደው ዳሰሳ፣ በእንስሳት ሐኪሞች ከተመረመሩት ውሾች መካከል 59 በመቶ የሚሆኑት ከጤናማው ክብደት በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ችግሩን ለመፍታት አስቸጋሪ የሚያደርገው ምንጩ ፍቅር መሆኑ ነው። ውሻውን ችላ የሚል ሰው አያወፍረውም፤ የሚያወፍረው በማዕድ ዙሪያ ዐይን ዐይኑን ሲያየው አንጀቱ የማይችል፣ ጠዋት የበላውን ረስቶ ማታ የሚደግምለት፣ ልጆቹም አያትም በየተራ ሲያጎርሱት ዝም ብሎ የሚያይ ባለቤት ነው። ስለዚህ ውሻን በጤና ስለማኖር የሚደረግ ማንኛውም ውይይት ከክሊኒኩ በፊት ከምግብ ሳህኑ ቢጀምር ተገቢ ይመስለኛል።

ትርፍ ምግብ በውሻ ዕድሜ ላይ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ረጅም ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ 48 የላብራዶር ቡችሎችን ከአንድ እናት የተወለዱትን እያጣመሩ በ24 ጥንድ ከፈሏቸው፤ ከዚያም ሁሉንም አንድ ዓይነት ምግብ እየመገቡ፣ ከየጥንዱ አንደኛው ግን ወንድሙ ወይም እኅቱ ከሚበላው 25 በመቶ ያነሰ እንዲሰጠው አድርገው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተከታተሏቸው። ቀነስ ተደርጎ የተሰጣቸው ውሾች አማካይ ዕድሜ (ግማሾቹ የኖሩበት ማለት ነው) 13 ዓመት ሲሆን፣ የሌሎቹ 11.2 ዓመት ነበር። ከዕድሜው ልዩነት ባልተናነሰ ትኩረት የሚሻው ደግሞ በሕይወት ሳሉ የታየው ልዩነት ነው፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ቀጠን ባሉት ላይ ዘግይቶ የታየ ሲሆን፣ ለሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎች ሕክምና የሚያስፈልጋቸውም ዘግይተው ነበር። ጥናቱን ያካሄደው የውሻ ምግብ አምራች ኩባንያ ነው። ምግብ በመሸጥ የሚኖር ድርጅት ያነሰ መመገብ ዕድሜ እንደሚጨምር የሚያሳይ ውጤት ማውጣቱ ለእኔ የውጤቱን ተአማኒነት የሚያጠናክር ነገር ነው።

በዚያ ጥናት ውስጥ ብዙ የበሉት ውሾች መራመድ ያቃታቸው፣ ሆዳቸው መሬት የሚነካ እንስሳት እንዳልነበሩ ማስተዋል ያስፈልጋል። የእንስሳት ሐኪሞች የውሻን የሰውነት አቋም ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ሲመዝኑ 4 እና 5 ተስማሚው ነው፤ ቀጫጮቹ ውሾች በአማካይ 4.6፣ ሌሎቹ ደግሞ 6.7 ነበሩ። ይህ ማለት ሁለት ዓመት ገደማ ያሳጣቸው ልዩነት አብዛኛው ሰው መንገድ ላይ ቢያየው “ደህና የተመገበ ውሻ ነው” ብሎ የሚያልፈው ዓይነት ውፍረት ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና ከ50,000 በላይ የ12 ዝርያ ውሾችን መዝገብ የመረመረ ሌላ ጥናትም በሁሉም ዝርያዎች ላይ ወፍራሞቹ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ልዩነቱ በወንድ የጀርመን እረኛ ውሾች ላይ አምስት ወር ያህል ሲሆን፣ ዮርክሻየር ቴሪየር በሚባሉት ትንንሽ ወንድ ውሾች ላይ ግን እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ይደርሳል።

ስብ በሰውነት ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትርፍ ክምችት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በሸክም ብቻ በተወሰነ ነበር። ነገር ግን የስብ ሕዋሳት ሥር የሰደደ መለስተኛ ብግነትን (የሰውነት መቆጣትን) የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችን ያለማቋረጥ ወደ ደም ይለቃሉ። በመሆኑም የወፈረ ውሻ መገጣጠሚያ የሚጎዳው ከላይ በሚጫነው ክብደትም ከውስጥ በሚመጣው ብግነትም ነው። የመተንፈስ ችግር፣ ሙቀትን የመቋቋም አቅም መቀነስ እና በቀዶ ሕክምና ጊዜ የማደንዘዣ አደጋ መጨመርም ይከተላሉ።

ታዲያ ባለቤት የውሻውን ሁኔታ እንዴት ያውቃል? ሚዛን ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ዝርያ ያላቸው ሁለት ውሾች እንኳ የአጥንታቸው ግዝፈት ይለያያል። ዐይንም ያታልላል፤ ወፍራም ውሾች በበዙበት አካባቢ ወፍራሙ ልከኛ፣ ልከኛው ደግሞ የከሳ መስሎ ይታያል፤ የውሻው ጠጉር ረጅም ሲሆን ደግሞ ምንም አይታይም። የተሻለው መሣሪያ እጅ ነው። ጣቶችን ዘርግቶ የውሻውን ጎኖች ሳይጫኑ መዳሰስ ነው። የጎድን አጥንቶቹ የሚሰጡት ስሜት በሌላኛው እጅ የተዘረጋ የእጅ ጀርባን ሲዳስሱ ከሚሰማው ጋር ከተመሳሰለ ውሻው ደህና ነው፤ እንደ ተጨበጠ እጅ አንጓዎች ከጎረበጡ ከስቷል፤ እንደ መዳፍ ሥጋ ለስልሰው አጥንቶቹን ለማግኘት መጫን ካስፈለገ ደግሞ ወፍሯል። ከላይ ሲታይ ከጎድን አጥንቱ ኋላ ወገቡ ጠበብ ሊል፣ ከጎን ሲታይም የሆዱ መስመር ወደ ኋላ እግሮቹ ከፍ ሊል ይገባል። ይህን በየሁለት ሳምንቱ የሚያደርግ ሰው ለውጡን ገና ሲጀምር ይደርስበታል።

የምግቡን መጠን በተመለከተ ግምትን በሒሳብ መተካት ይቻላል። አንድ ውሻ ዕረፍት ላይ ሆኖ ብቻ የሚያስፈልገው ዕለታዊ ኃይል በኪሎ ካሎሪ ሲሰላ፣ የክብደቱ (በኪሎ ግራም) 0.75ኛ ርቢ (ፓወር) በ70 ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ለ10 ኪሎ ውሻ ይህ 394 ገደማ ይመጣል። የማምከን ቀዶ ሕክምና ተሠርቶለት መራባት ላቆመና መጠነኛ እንቅስቃሴ ላለው ጎልማሳ ውሻ ይህ ቁጥር በ1.6 ሲባዛ 630 ያህል ይሆናል፤ ለ5 ኪሎ ውሻ ደግሞ በዚሁ ስሌት 375 ያህል ነው። ቁጥሩ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ከውሻ ውሻ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ በእጅ ዳሰሳው እየተመሩ መጨመር ወይም መቀነስ ያስፈልጋል። የስሌቱ ጥቅም ግን ትንሽ የምትመስል ጉርሻ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ማሳየቱ ነው። 30 ግራም ደረቅ አይብ 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። ለአንድ ሰው ይህ ከዕለት ድርሻው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ለ5 ኪሎዋ ውሻ ግን የቀን ምግቧ ሲሶ ነው። ከመደበኛው ምግብ ውጭ የሚሰጥ ማንኛውም ጉርሻ ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም የሚባለውም ለዚህ ነው። ደረቅ ምግብን በኩባያ ከመስፈር በግራም መመዘን ይሻላል፤ ኩባያው በሰፋሪው እጅ ሁሉ ይለያያልና። በቤቱ ውስጥ ብዙ ሰው ካለ ደግሞ የቀኑ ድርሻ ጠዋት ተመዝኖ በአንድ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥና ሁሉም ከዚያ ብቻ ቢሰጥ፣ ማን መገበው የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

አንዳንድ ውሾች በተፈጥሯቸው ከሌሎቹ የባሰ ይርባቸዋል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ ከአራት ላብራዶሮች አንዱ ገደማ የጥጋብ ስሜትን በሚቆጣጠረው ጂን ላይ ጉድለት አለበት፤ እንዲህ ያለው ውሻ በልቶም አይረካም። የልመና ዐይኑ እውነተኛ ስሜት ነው፤ ነገር ግን የምግብ እጥረት ምልክት አይደለም። ለእንደዚህ ያለ ውሻ የሚጠቅመው ያንኑ የዕለት ድርሻ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ፣ ቀስ ብሎ በሚያስበላ ዕቃ ወይም በየቦታው እየደበቁ እያሸተተ እንዲያገኘው ማድረግ ነው።

ከመጠኑ ቀጥሎ የሚመጣው የይዘቱ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይም በመልካም ሐሳብ የሚደረግ ስሕተት በዝቷል። ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነ ሥጋ ብቻ መብላት አለበት የሚለው አስተሳሰብ ሰፊ ተከታይ አለው። እርግጥ ነው፣ ውሻ ከፕሮቲን የሚያገኛቸውና ሰውነቱ ሊሠራቸው የማይችላቸው 10 አሚኖ አሲዶች ስላሉ ሥጋ ለእርሱ ትልቅ ምግብ ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘረ መል ጥናት እንዳሳየው፣ ተኩላ ስታርችን የሚፈጭ ኢንዛይም የሚያዘው ጂን ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው፣ ውሾች ግን ከ4 እስከ 30 የሚደርስ ቅጂ አላቸው። ከሰው ጋር በኖሩባቸው ሺህ ዓመታት ሆዳቸው እህልን መጠቀም ለምዷል ማለት ነው። በሌላ በኩል ውሻ ከሰው የሚለይባቸው ነገሮችም አሉ፤ ቫይታሚን ሲን በጉበቱ ራሱ ያመርታል፤ ቫይታሚን ዲን ግን እንደ ሰው ከፀሐይ ብርሃን በበቂ መጠን ሊሠራ ስለማይችል ከምግቡ ማግኘት ግድ ይለዋል።

ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሁሉም ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ባለቤቱ የተሻለውን እየሰጠሁት ነው ብሎ ሲያምን ቡችላው የሚጎዳበት ነውና። ሥጋ ፎስፈረስ የበዛበት፣ ካልሲየም ግን ከቁጥር የማይገባ ምግብ ነው፤ ጤናማው ምጣኔ ደግሞ ለአንድ እጅ ፎስፈረስ ከአንድ እስከ ሁለት እጅ ካልሲየም ነው። ምጣኔው ሲዛባ ሰውነት በደም ውስጥ የጎደለውን ካልሲየም ከአጥንት እያወጣ ይሞላል፤ አጥንቱም ሳስቶ ይጎብጣል፤ በትንሽ ዝላይም ይሰበራል። ይህን የሰሙ ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው በተመጣጠነ ምግብ ላይ የካልሲየም ዱቄት ይጨምራሉ። ትልቅ አካል ያላቸው ዝርያዎች ቡችሎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ትርፍ ካልሲየምን ከመምጠጥ ራሳቸውን መጠበቅ ስለማይችሉ፣ ይህም አጥንትና መገጣጠሚያቸውን ያበላሻል። ለእነዚህ ቡችሎች በፍጥነት መግዘፍ የጤና ምልክት አይደለም፤ ቀጠን ብለው ቀስ ብለው ቢያድጉ ይሻላቸዋል።

ቤት ውስጥ የሚሠራ የውሻ ምግብ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ከመጻሕፍትና ከድረ ገጾች 200 የውሻ ምግብ አሠራሮችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ 95 በመቶ በሚሆኑት ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ከሚገባው በታች ሆኖ አግኝተውታል፤ አብዛኞቹ የጎደላቸውም ከአንድ በላይ ነበር። ሩዝ፣ ሥጋና ካሮት ማለዋወጥ ጉድለቱን አይሞላም፤ ሁሉም ምግቦች የሚጎድላቸው ዚንክ፣ አዮዲን ወይም ቫይታሚን ኢ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላልና። ቤት ውስጥ አብስሎ መመገብ የሚፈልግ ሰው በሥነ ምግብ የሠለጠነ የእንስሳት ሐኪም ለራሱ ውሻ ያዘጋጀለትን አሠራር ሳይሸራርፍ መከተል አለበት። የታሸገ ምግብ የሚገዛም ቢሆን ከፊት ያለውን ሥዕል ትቶ ከኋላ የተጻፈውን ማንበብ ይኖርበታል፤ ምግቡ “ሙሉና የተመጣጠነ” መሆኑ ወይም ተጨማሪ ብቻ መሆኑ፣ ለቡችላ ወይም ለጎልማሳ የተዘጋጀ መሆኑ እዚያ ይገኛል። እህል አልባ ተብለው የሚሸጡ ምግቦች የተሻሉ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። እንዲያውም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አተርና ምስር በበዛባቸው እንዲህ ዓይነት ምግቦች እና የልብ ጡንቻን በሚያዳክም በሽታ መካከል ግንኙነት ሊኖር እንደሚችል ጠርጥሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ ግንኙነቱ እስካሁን በማያሻማ ሁኔታ አልተረጋገጠም። ጥሬ ሥጋ ደግሞ ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ተህዋስያንን ይዞ ወደ ቤት ስለሚገባ፣ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት ባይሞከር ይመረጣል።

ለሰው የሚጣፍጥ ሁሉ ለውሻ አይሆንም። ቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን ከውሻ ሰውነት በዝግታ ስለሚወጣ ልብንና ነርቭን ያውካል፤ ጥቁሩና መራራው ቸኮሌት ይበልጥ አደገኛ ነው። ወይንና ዘቢብ ኩላሊትን ድንገት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ጉዳት የሚያደርሰውን መጠን አስቀድሞ መገመት ስለማይቻል አንድም ፍሬ ባይሰጥ ይሻላል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰባብራሉ፤ ከማዕድ የተረፈ ወጥ ለውሻ የማይሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከሁሉም በፍጥነት የሚገድለው ግን ስኳር በሌለባቸው ማስቲካዎችና ጣፋጮች ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ነው፤ ውሻው በበላ በሰዓት ውስጥ የደም ስኳሩ ሊያሽቆለቁልና ሊወድቅ፣ ቆይቶም ጉበቱ ሊጠፋ ይችላል። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለውሻ አይሰጡም። የበሰለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚበሳ እርሱም ከዚህ ዝርዝር አይወጣም። ውሻው ከእነዚህ አንዱን መብላቱ ከታወቀ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ምግቡ የቱንም ያህል ቢሟላ ክትባት ያላገኘን ውሻ አያድንም። የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ለሰው የሚተላለፈውም 99 በመቶ በሚደርስ ሁኔታ ከውሻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ ስርጭቱ ይቋረጣል። ውሻውን የሚያስከትብ ሰው የሚጠብቀው የጎረቤቱንም ልጅ ነው። ቡችሎችን በሚገድሉት ተላላፊ በሽታዎች፣ በፓርቮ ቫይረስና በዲስቴምፐር ላይ የሚሰጠውን ክትባት በተመለከተ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ድግግሞሹ ነው። ቡችላ ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት የሚያገኘው መከላከያ ለጥቂት ሳምንታት ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ያው መከላከያ ክትባቱንም ያከሽፋል። መቼ እንደሚሟጠጥ ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ፣ ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ልዩነት እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይቀጥላል። አንዴ ተከትቧል ተብሎ የተተወ ቡችላ በፓርቮ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። የሆድ ትላትል መድኃኒትም ከዚሁ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ቡችሎች ትሉን ገና በማሕፀን ሳሉ ከእናታቸው ስለሚወስዱ ሕክምናው የሚጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ቁንጫና መዥገር፣ የጥርስ ንጽሕና፣ ዕለታዊ እንቅስቃሴ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ ውስጥ ያለ አግባብ የተዘነጋው ጥርስ ይመስለኛል። ውሻ 42 ቋሚ ጥርሶች አሉት፤ አብዛኞቹ ውሾች ሦስት ዓመት ሲሞላቸው የድድ ሕመም ጀምሯቸዋል። የአፍ ሽታ የውሻ ተፈጥሮ ነው ተብሎ ስለሚታለፍ ሕመሙ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል። ለውሻ በተዘጋጀ የጥርስ ሳሙና በየቀኑ መቦረሽ የሚመከር ሲሆን፣ የሰው ሳሙና ግን ስለሚዋጥ አይሆንም። እንቅስቃሴን በተመለከተ የቀኑን ሞቃት ሰዓት መሸሽ ያስፈልጋል፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያስወግደው በዋናነት በማለክለክ በመሆኑ፣ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ፓግና ቡልዶግ ያሉት በቀላሉ ይጎዳሉ። የውሻ ጤናማ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ከ41 ሲያልፍ የውስጥ አካላት መጎዳት ይጀምራሉ።

እንዳይራባ ማምከንም ከክብደት ጋር የተያያዘ ውሳኔ ነው። ሴቶቹን ከማሕፀን መመረዝ ያድናል፤ የጡት ዕጢንም ይቀንሳል። ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ግን በጣም በለጋ ዕድሜ ሲደረግ የመገጣጠሚያ ችግር ሊያስከትል እንደሚችል ጥናቶች ስላሳዩ ጊዜው ከሐኪም ጋር ተመክሮበት ቢወሰን መልካም ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የኃይል ፍላጎቱ ሲቀንስ የምግብ ፍላጎቱ ግን ይጨምራል፤ ብዙ ውሾች መወፈር የሚጀምሩትም ከዚህ ጊዜ አንሥቶ ነው። ስለዚህ የዕለት ድርሻው ቁስሉ በዳነ ሰሞን እንደገና መሰላት አለበት።

ቀድሞ ለወፈረ ውሻ ምግቡን በድንገት በግማሽ መቀነስ መፍትሔ አይሆንም፤ ካሎሪው ሲቀንስ ፕሮቲኑና ቫይታሚኑም አብረው ስለሚቀንሱ ስቡ ብቻ ሳይሆን ጡንቻውም ይከሳል። ለክብደት መቀነሻ የተዘጋጁ ምግቦች ይህን ጉድለት እንዲሸፍኑ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ወደ አዲስ ምግብ ሲዛወርም ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ከአሮጌው ጋር እያቀላቀሉ ቢሆን ሆዱ አይረበሽም። በሳምንት ከ1 እስከ 2 በመቶ የክብደቱን መቀነስ ጤናማ ፍጥነት ነው። 20 ኪሎ የሆነ ውሻ በሳምንት ከ200 እስከ 400 ግራም ሲቀንስ ለባለቤቱ ዐይን ምንም የተለወጠ ነገር ስለማይኖር፣ በየሁለት ሳምንቱ እየመዘኑ መጻፍ ያስፈልጋል። ባረጀ ውሻ ላይ ግን ምግቡ ሳይቀነስ የሚታይ መክሳት የደስታ ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ የኩላሊት፣ የስኳር ወይም የካንሰር በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ውኃ አብዝቶ ከመጠጣትና ደጋግሞ ከመሽናት ጋር ከመጣ ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት።